ድርሰቱ የማን ነው? ከቅኔ ጉባኤ እስከ ድራማ ጸሐፊዎች ጠረጴዛ

ከባሕር ዳር ተነስቶ ወደ ጎንደር የሚያቀናው አስፋልት ወረታ ሲደርስ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ አዲስ ዘመንን ይዞ ወደ ጎንደር ይቀጥላል፤ ሌላው ወደ ምሥራቅ ታጥፎ ደብረ ታቦርንና ጋይንትን አልፎ ወልድያ ይወጣል። በስተምዕራብ የፎገራ ሜዳ እስከ ጣና ዳርቻ ተንጣሎ ይታያል። የቴሌቪዥን ድራማ ድርሰትን ታሪክ ከዚህ መጀመር እንግዳ ሊመስል ይችላል፤ ካሜራውም ስቱዲዮውም ያለው አዲስ አበባ ነውና። ይሁን እንጂ ዛሬ የድራማ ሰዎችን የሚያከራክረው ጥያቄ፣ ድርሰት በአንድ ሰው ይጻፍ ወይስ በብዙዎች የሚለው፣ በዚህ ምድር ሊቃውንት ዘንድ ቴሌቪዥን ከመፈልሰፉ ከመቶ ዓመታት በፊት ተነስቷል። መልስም አግኝቷል፤ ያውም አንድ ሳይሆን ሁለት መልስ።

ቅኔ ለብቻ፣ ትርጓሜ በጉባኤ

በደቡብ ጎንደርና በጎጃም አድባራት ዙሪያ የተተከሉት የቅኔ ቤቶች የግል ድርሰት መማሪያዎች ናቸው። ተማሪው አስቀድሞ የግእዙን ግስና አገባብ ያጠናል። ከዚያ ሁለት ቤት ብቻ ካላት ጉባኤ ቃና ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ወደ ስምንት ቤቱ መወድስ ይወጣል። ቅኔውን የሚቆጥረው ብቻውን ነው። ቀን ላይ ደበሎውን ደርቦ፣ ከሰው ራቅ ብሎ፣ ከዛፍ ሥር ይቀመጣል። ብራናም ቀለምም አይዝም፤ የሚንቀሳቀሰው ከንፈሩ ነው። አንድ ቃል አንስቶ ይጥላል፣ ሌላ ያነሳል፤ ሰሙ ሲገጥምለት ወርቁ ይሸሸዋል፣ ወርቁ ሲገኝ ዜማው ልክ አልመጣ ይለዋል። ሲመሽ ከመምህሩ ፊት ቆሞ የቆጠረውን በቃሉ ይናገራል። መምህሩ ያደምጣል። አገባቡ የተዛነፈውን ያቃናል፣ ምሥጢሩ ያልሰመረውን ነገ እንዲመለስበት ያሰናብተዋል። ድርሰቱ የተማሪው ነው፤ የሌላውን ቅኔ የራስ አስመስሎ ማቅረብ በባልንጀሮች ፊት ትልቅ ነውር ነው። ሆኖም ያ የአንድ ሰው ድርሰት ያለ አድማጭና ያለ አራሚ አይጸናም።

ሁለተኛው መልስ የመጣው ከትርጓሜ ቤት ነው። የመጻሕፍት አንድምታ ትርጓሜ የአንድ ደራሲ ስም አልተጻፈበትም። በጎንደር ዘመን የነበሩ ሊቃውንት ከአባቶቻቸው የሰሙትን ይዘው፣ የየራሳቸውን እየጨመሩና የደከመውን እየጣሉ፣ ከትውልድ ወደ ትውልድ አሻገሩት። የላይ ቤትና የታች ቤት የሚባሉት ሁለቱ የትርጓሜ ወገኖች የተለዩትም በዚህ ጉዞ ነው፤ ከታች ቤት ጋር የመምህር ኤስድሮስ ስም አብሮ ይነሳል። በአንድምታ ገጽ ላይ ለአንድ ጥቅስ ሦስትና አራት አተረጓጎም ተከታትሎ ሲሰፍር፣ የብዙ ሰው ድምፅ ሳይጨፈለቅ ጎን ለጎን ተቀምጧል ማለት ነው። እዚህም ቢሆን ጉባኤው ያለ መምህር አልዋለም። ብዙዎች ይናገራሉ፤ የቱ እንደሚጸና የሚወስን ግን አለ።

ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ደግሞ አዝማሪው ሦስተኛ መንገድ ይዞ ይዞር ነበር። ደቡብ ጎንደር የአዝማሪ አገር ነው። በሠርግና በጠላ ቤት ማሲንቆውን ሲገርፍ ግጥሙ የእሱ ብቻ አልነበረም፤ ከታዳሚው አንዱ «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ያቀብለዋል፣ አዝማሪው በዜማው አጥምቆ ይመልሰዋል። የሰጪውም የተቀባዩም እጅ ያለበት ግጥም በአዝማሪው ጉሮሮ አንድ ሆኖ ይወጣል። እነዚህን ሦስቱን ልምዶች ይዞ ነው የአማርኛ ድርሰት ከመድረክ ጋር የተገናኘው።

የአንድ ሰው ብዕር በመድረክ ላይ

በ1910ሮቹ መጀመሪያ በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም፣ በሩሲያ ተምረው የተመለሱ ሰው፣ የአውሬዎችን ተረት መነሻ አድርገው የመጀመሪያውን ዘመናዊ የአማርኛ ተውኔት ጻፉ። ተረቱ አውሬዎችን እያናገረ የሹማምንቱን ጉድለት ይነካ ነበርና ቤተ መንግሥቱ አልወደደውም፤ በንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። የአገራችን ተውኔት ገና ከመነሻው አንድ ነገር ተማረ፦ ጽሑፉን የጻፈው አንድ ሰው ከሆነ ተጠያቂውም አንድ ሰው ነው።

ቀጥሎ የመጣው ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ የጎጃም ደብረ ኤልያስ የቅኔ ሰው ነበር። ብቻውን መቁጠርን የተማረበትን ቅኔ ቤት ይዞ ወደ አዲስ አበባ መጣና «አፋጀሽኝ»ን የመሳሰሉ ተውኔቶች ደረሰ። ግጥሙን ይጽፋል፣ ዜማውን ያወጣል፣ ተማሪዎቹን ያለማምዳል። ደራሲና አዘጋጅ የሚባል የሥራ ክፍፍል ባልነበረበት ዘመን አንድ ሰው ሁሉንም ይዞ ነበር። በ1927 ዓ.ም. በመኮንን ሀብተ ወልድ አስተባባሪነት የተቋቋመው የሀገር ፍቅር ማኅበርም፣ በ1948 ዓ.ም. በሩን የከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትርም፣ ይህንኑ ልማድ ወረሱ። ብሔራዊ ቴአትር የተመረቀው በመኮንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» ነው፤ የአንድ ደራሲ ሥራ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ዐሥርት ዓመታት የታላላቅ ብቸኛ ብዕሮች ዘመን ሆኑ። ፀጋዬ ገብረ መድኅን የራሱን ተውኔቶች ከመጻፉም በላይ ሼክስፒርን በአማርኛ አናገረው። መንግሥቱ ለማ በ«ጠልፎ በኪሴ» እና በ«ያላቻ ጋብቻ» ሳቅን ከቁም ነገር ጋር አዋደደ። ከደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ መድፍ ያሠራው ንጉሥ ታሪክም በግርማቸው ተክለ ሐዋርያት «ቴዎድሮስ» መድረክ ላይ ወጣ፤ የወረታ ጎረቤት የሆነው ምድር ትዝታ የአዲስ አበባ ተመልካች ትዝታ ሆነ።

ለምን ብቻቸውን ጻፉ? ምክንያቱ ግልጽ ነው። ተውኔት ሁለት ሰዓት ገደማ ነው፤ ደራሲው ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ያስብበታል። ሲያልቅ አለቀ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ቀጥል የሚለው የለም። ቅኔ ቤት ያሳደገው ሰው ብቻውን መቁጠር ያውቅበታል፤ ከሊቅ ልጅነት የመጣው መንግሥቱ ለማ የዚህ ምሳሌ ነው። መንግሥቱ ራሱ ግን ሌላውንም መንገድ አሳይቷል። አባቱ አለቃ ለማ ኃይሉ የሕይወት ታሪካቸውን በቃል ሲያወሩ እሱ ቀድቶና አደራጅቶ በ1959 ዓ.ም. «መጽሐፈ ትዝታ» ብሎ አሳተመው። የአባት ምላስና የልጅ ብዕር ተባብረው ከአማርኛ ስድ ንባብ ድንቅ መጻሕፍት አንዱን ሰጡን፤ የማንኛቸውም ክብር በዚህ አልቀነሰም።

ራዲዮና ቴሌቪዥን ሲመጡ

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ምስሉ የሚታየው በመዲናይቱና በአካባቢዋ ነበር። ለፎገራ ገበሬ የደረሰው ድራማ በራዲዮ የመጣው ነው፤ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ፣ ማታ ማታ ቤተሰቡ የሚሰበሰብበት ራዲዮ። የዚያን ዘመን አድማጭ ከሁሉ አብልጦ የሚያስታውሰው አንድ ድምፅ አለ። ወጋየሁ ንጋቱ የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በኢትዮጵያ ራዲዮ ሲተርክ በዛብህና ሰብለ ወንጌል በየጎጆው ሰው ሆነው ገቡ። መጽሐፉ የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው፤ ደራሲው አንድ፣ ተራኪው አንድ። ያም ሆኖ ለማያነበው ሕዝብ ልብ ወለዱን ያደረሰው የሁለተኛው ሰው ጉሮሮ ነበር። ፊታውራሪ መሸሻን ሲሆን ድምፁ ይጎረናል፣ ሰብለን ሲሆን ይለሰልሳል። ወጋየሁ አንድ መስመር ሳይጽፍ የድርሰቱ ተካፋይ ሆነ።

በደርግ ዘመን ደግሞ የኪነት ቡድኖች በየአውራጃውና በየቀበሌው ተቋቋሙ። የጎንደሩ ፋሲለደስ፣ የጎጃሙ ግሽ ዓባይ፣ የወሎው ላሊበላ በሙዚቃቸው ስማቸው ገነነ። እነዚህ ቡድኖች አጫጭር ድራማም ይሠሩ ነበር። አንዱ ሐሳብ ያመጣል፣ ሌላው ንግግሩን ይቀምራል፣ ተዋናዩ ልምምድ ላይ የራሱን ይጨምራል፣ መጨረሻ ላይ «በቡድኑ የተዘጋጀ» ተብሎ ይቀርባል። በዚህ መልክ የቡድን ድርሰት በሰፊው ተለመደ። ሁለት እንከኖች ግን ነበሩበት። የሚወደሰው ቡድኑ ነበርና ጎበዙ ጸሐፊ በስሙ አይታወቅም ነበር፤ መልእክቱም አስቀድሞ ከላይ የተወሰነ ነበርና በጉባኤው ውስጥ እውነተኛ ክርክር አልነበረም። የአንድምታ ሊቃውንት የተለየ አተረጓጎም ጎን ለጎን እንዲቆም ይፈቅዱ ነበር፤ የዘመኑ የኪነት መድረክ ይህን አልፈቀደም።

በ1971 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴአትር ጥበባት ትምህርት ክፍል ሲከፈት የተውኔት አጻጻፍ በሙያ ደረጃ መሰጠት ጀመረ። በቴሌቪዥን በኩል የመዝናኛ ዝግጅቶች ጥንድ ጥንድ ሆነው የሚሠሩ ሰዎችን አፈሩ። ልመንህ ታደሰና አለባቸው ተካ፣ ደረጄ ኃይሌና ሀብቴ ምትኩ አንዱ በሌላው ላይ ተደግፎ ሕዝቡን አሳቁት። ሳቅ ለሁለት ሲሆን ይሳላል፤ አንዱ የወረወረውን ሌላው ካልያዘው ቀልዱ መሬት ይወድቃል፣ ያም ገና ልምምድ ላይ ይታወቃል። ብቻውን የሚጽፍ ሰው ይህን የሚያውቀው ተመልካቹ ዝም ሲለው ነው።

ሌላው ዓለም ለምን በቡድን ጻፈ?

በዚያው ዘመን በሌሎች አገሮች የቴሌቪዥን ድርሰት ሌላ መልክ ይዞ ነበር። በአሜሪካ ከ1950 እስከ 1954 እ.ኤ.አ. የሲድ ቄሳር የመዝናኛ ዝግጅት በየሳምንቱ ቅዳሜ 90 ደቂቃ በቀጥታ ይተላለፍ ነበር። በየሳምንቱ 90 ደቂቃ ሳቅ መጻፍ ከአንድ ሰው አቅም በላይ ነውና ሜል ብሩክስን የመሳሰሉ ወጣት ጸሐፊዎች በአንድ ክፍል ተቀምጠው እየተጯጯሁ ይጽፉ ጀመር። የጸሐፊዎች ክፍል የሚባለው አሠራር መሠረቱ ይህ የጊዜ ግፊት ነው።

በእንግሊዝ ደግሞ ከጥር 1951 እ.ኤ.አ. ጀምሮ «ዘ አርቸርስ» የተባለ የገበሬ ቤተሰብ ድራማ በቢቢሲ ራዲዮ መተላለፍ ጀመረ። ዓላማው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ገበሬው ምርቱን እንዲያሳድግ በጨዋታ መልክ ማስተማር ነበር። ሲጀመር በሁለት ጸሐፊዎች ተጻፈ፤ ኋላ ተራ የሚገቡ ጸሐፊዎች ቡድን ተረከበው። እስከ ዛሬም አልተቋረጠም፤ የመሠረቱት ሰዎች ካለፉ በኋላም መንደሩ በሕይወት አለ። ሩዝና ከብት ይዞ ለሚኖር እንደ ፎገራ ላለ ሕዝብ ይህ ምሳሌ ቅርብ ነው፦ የግብርና ትምህርት በንግግር ከሚሰጥ ይልቅ በአንድ ቤተሰብ ጠብና እርቅ ውስጥ ሲመጣ ይሰማል።

ከሁሉም ይልቅ ወደ እኛ የደረሰው የሜክሲኮው መንገድ ነው። በ1969 እ.ኤ.አ. ፔሩ ውስጥ የተላለፈ አንድ ቴሌኖቬላ፣ ከገጠር መጥታ በልብስ ስፌት ራሷን ያሻሻለች ሴት ታሪክ፣ ብዙ ሴቶችን ወደ ስፌት ትምህርት አነሳሳ። ሜክሲኮአዊው ሚጌል ሳቢዶ ይህን አይቶ ድራማን ሆን ብሎ ለማኅበራዊ ለውጥ የሚያውል ዘዴ ቀመረ። በ1975 እ.ኤ.አ. ስለ ጎልማሶች ትምህርት፣ በ1977 ስለ ቤተሰብ ምጣኔ የሠራቸው ተከታታይ ድራማዎች ዝናው እንዲሰፋ አደረጉ።

ብቸኛው ብዕርም ግን አልሞተም። በሕንድ በ1984 እና 1985 እ.ኤ.አ. የተላለፈው «ሁም ሎግ» 156 ክፍል ሲኖረው የጻፈው አንድ ሰው፣ ማኖሃር ሽያም ጆሺ ነው። በአሜሪካ «ባቢሎን 5» ከተባለው ድራማ 110 ክፍሎች መካከል 92ቱን ጄ. ማይክል ስትራዚንስኪ ብቻውን ጽፏል፤ ሦስተኛውና አራተኛው ምዕራፍ ሙሉ በሙሉ የእሱ ናቸው። የአምስት ዓመት ታሪክ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአንድ ጭንቅላት ውስጥ ስለነበር በመጀመሪያው ዓመት የተተከለው ፍንጭ በአራተኛው ዓመት ያፈራ ነበር። የብቸኛው ደራሲ ትልቁ ኃይል ይህ ነው፤ መጨረሻውን የሚያውቅ ሰው መጀመሪያውን ይጽፋል። ዋጋው ደግሞ ጤናና ዕድሜ ነው።

«የቀን ቅኝት»

ግንቦት 1994 ዓ.ም. ላይ የሳቢዶ ዘዴ በአማርኛ ተናገረ። ፖፑሌሽን ሚዲያ ሴንተር የተባለው ድርጅት በኢትዮጵያ ራዲዮ «የቀን ቅኝት»ን፣ በአፋን ኦሮሞ ደግሞ «ድምቢባ»ን ማስተላለፍ ጀመረ። በኢትዮጵያ ሥራውን የመሩት ዶክተር ንጉሤ ተፈራ ናቸው። «የቀን ቅኝት» እስከ ኅዳር 1997 ዓ.ም. ድረስ 257 ክፍል ተላልፏል። ኤች አይ ቪ፣ ቤተሰብ ምጣኔ፣ ያለ ዕድሜ ጋብቻ፣ የሴቶች መብት በገጸ ባሕርያቱ ኑሮ ውስጥ ገብተው ይመላለሱ ነበር።

እዚህ ላይ የድርሰቱ አሠራር ጠጋ ተብሎ መታየት ይገባዋል፤ የአማርኛ ድራማ ከብቸኛ ብዕር ወደ ተደራጀ ቡድን የተሻገረበት ድልድይ ነውና። በዚህ ዘዴ ጸሐፊው ብዕር ከማንሳቱ በፊት ጥናት ይቀድማል፦ ሕዝቡ ምን ያምናል፣ ምን ይፈራል፣ በየትኛው ሰዓት ራዲዮ ይከፍታል። ከጥናቱ የሚደገፈውና የሚነቀፈው ባሕርይ ጎን ለጎን በሠንጠረዥ ይሰፍራል። ከዚያ ገጸ ባሕርያት በሦስት ወገን ይደለደላሉ፤ መልካሙን የሚከተል፣ ክፉውን የሚከተል፣ በሁለቱ መካከል የሚወላውል። አድማጩ ራሱን የሚያይበት ይህ ሦስተኛው ነው፤ ይሳሳታል፣ ይጎዳል፣ ቀስ ብሎ ይለወጣል። የእያንዳንዱ ሰው ዕድሜ፣ ትውልድ፣ አነጋገር፣ ምሥጢሩ ሳይቀር ተጽፎ ይቀመጣል፤ ዛሬ የሚጽፈው ሰው ነገ ቢቀየር ገጸ ባሕርይዋ ሌላ ሰው ሆና እንዳትገኝ። የመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ተቀርጸው ለአድማጮች ይሞከራሉ፤ ያልገባ ይታረማል። የቅኔ ተማሪው ማታ መምህሩ ፊት የሚቆመውን ያህል፣ እዚህ ጸሐፊው ሕዝብ ፊት ይቆማል።

ሕዝቡም መለሰ። ከየገጠሩና ከየከተማው ወደ ድርጅቱ የጎረፈው ደብዳቤ ከ15 ሺህ በላይ ነበር። ሰዎች ስለ ድራማው ገጸ ባሕርይ ስለ ፍቅርቴ እንደ ጎረቤታቸው ልጅ ተጨንቀው ጻፉ፣ መከሩ፣ ተቆጡ። ድራማው እየተላለፈ ሳለ በ1996 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 410 ወጣ፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶችን የሚጠብቀው ሕግ። ሕጉ በብዙ ሰዎች የጋራ ጥረት የሚፈጠርን ሥራም ያውቃል። በወረቀት ደረጃ የቡድን ጸሐፊ መብት ተቀመጠ። በተግባር ምን ያህል እንደሚከበር የሚፈትነው ግን ተከታዩ የቴሌቪዥን ዘመን ነበር።

ሳምንታዊው ድራማ

በ2000ዎቹ መጀመሪያ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን «ገመና»ን ሲያቀርብ አገር ተገረመ። ደራሲው አድነው ወንድይራድ፣ በብዕር ስሙ አዶኒስ፣ የአንድን ቤተሰብ ገበና ለተመልካች ከፈተ። የአንድ ደራሲ ሥራ መሆኑ ያስታውቃል፤ የነገሩ ክር ወጥ ነው፣ ምሥጢሩ የሚገለጥበት ጊዜ ተቆጥሯል። ቀጥሎ የመጣው «ሰው ለሰው» ሌላ መንገድ ያዘ። መስፍን ጌታቸውና ሰሎሞን ዓለሙ ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ለዓመታት በተከታታይ ሠሩት። አበበ ባልቻ የተጫወተው አስናቀ የሚባል ክፉ ሰው እንደ ወረታ ባሉ የመንገድ ከተሞች ቡና ቤቶች ሳይቀር የጠላትም የወዳጅም ያህል ይወራለት ነበር። ድራማው በሚተላለፍበት ምሽት ቴሌቪዥን ያለው ቤት ጎረቤቱን ይሰበስብ ነበር፤ ያልተመለከተ በማግስቱ ጨዋታ ላይ ባዳ ነው።

ድራማ ለዓመታት በየሳምንቱ ሲቀጥል የድርሰቱ ጠባይ ይለወጣል። ተዋናይ ይታመማል፣ የቀረጻ ቦታ ይከለከላል፣ ስፖንሰር ይዘገያል፤ ታሪኩ ከዚህ ሁሉ ጋር እየታጠፈ መሄድ አለበት። ብቻውን የሚሠራ ደራሲ አንዱን ክፍል እየጻፈ ያለፈውን ማረምና የሚመጣውን ማሰብ ይሳነዋል፤ ቡድን ሲኖር አንዱ ይጽፋል፣ አንዱ ያርማል፣ አንዱ አርቆ ያያል። አሠራሩ በጥሩ ቡድን ውስጥ እንዲህ ነው፦ ታሪኩ በጋራ ይነገራል፤ ትዕይንቶቹ በቅደም ተከተል በሰሌዳ ላይ ይሰፍራሉ፤ ክፍሎቹ ለየጸሐፊው ይታደላሉ፤ የተጻፈው ተመልሶ ለሁሉም ጮክ ተብሎ ይነበባል፤ በመጨረሻ አንድ ሰው ከዳር እስከ ዳር አንብቦ ድምፁን ያስማማል። ይህ የመጨረሻው እርምጃ ሲዘለል ተመልካቹ ወዲያው ያውቃል። ባለፈው ሳምንት ቁጥብ የነበረው ሰው በዚህ ሳምንት ለፍላፊ ይሆናል፤ የተማለለት ምሥጢር ይረሳል።

በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን የቱርክ ድራማዎችን በአማርኛ እያናገረ ሲመጣ ፉክክሩ በረታ። «ጥቁር ፍቅር» የብዙ ቤተሰብ የማታ ቀጠሮ ሆነ። የአገር ውስጥ ባለሙያዎች የራሳችን ኪነ ጥበብ ይጎዳል ብለው ተቃወሙ። ሥጋታቸው ተገቢ ነበር፤ ነገር ግን ከተፎካካሪው የሚማሩትም ነበር። አንድ የቱርክ ድራማ በአገሩ በየሳምንቱ ሁለት ሰዓት ያህል አዲስ ክፍል ያቀርባል፤ ይህን የሚሸከመው የደራሲዎች ቡድን ነው። እኛ ግን በብዙ ቦታ የአንድን ደራሲ ትከሻ በዚያ ልክ ሸክም እየጫንን፣ ክፍያውን ግን ከሁሉ መጨረሻ እያደረግን ነበር የምንወዳደረው።

መልሱ በ2010ሮቹ ከሦስት ሴቶች መጣ። አዜብ ወርቁ፣ ቅድስት ይልማና ቤዛ ኃይሉ «እረኛዬ»ን በጋራ ጽፈው በአርትስ ቲቪ አቀረቡት። ቅድስት፣ ቀደም ሲል «ረቡኒ» የተባለውን ፊልም የሠራችው፣ አዘጋጅም ሆነች። ሦስት ብዕሮች፣ ሦስቱም ስማቸው በግልጽ የተጻፈ፣ ከሦስቱ አንዷ ደግሞ ጽሑፉን ይዛ እስከ ቀረጻው ቦታ የምትሄድ። የሦስት ሰው ጥንቃቄ ያለበት፣ ግን በአንድ ልብ የተመራ ድራማ ምን እንደሚመስል «እረኛዬ» አሳይቷል። ገጸ ባሕርያቱ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው አንደበት አላቸው፤ ዝምታም ቦታ ተሰጥቶታል። ከብዙ ብዕር የሚወጣ ድራማ የግድ የተበጣጠሰ ይሆናል የሚለው ክርክር በዚህ ሥራ ፊት አይቆምም።

አሁን የደረስንበት

በ2023 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ጸሐፊዎች ለ148 ቀናት ሥራ አቆሙ። ከጥያቄዎቻቸው አንዱ ኩባንያዎች የጸሐፊዎችን ክፍል እያሳነሱ ወደ ጥቂት ሰዎች እንዳይቀንሱት ነበር። ያገኙት ስምምነት ዝቅተኛ የጸሐፊዎች ቁጥር አስቀምጧል፤ ሁሉንም ክፍል ብቻውን የሚጽፍ ደራሲ ሲኖር ግን ነፃ ይተወዋል። አዋቂ ውሳኔ ነው፦ ብቸኛውን ደራሲ አላስገደደም፣ ቡድኑንም አላስቀማም።

የእኛም ታሪክ የሚያስተምረው ይህንኑ ነው። በፎገራ ሩዝ በሚታረምበትና በሚታጨድበት ወቅት ገበሬው ወንፈል ይገባል፤ እጁ የብዙ ነው፣ ማሳው ግን ባለቤት አለው፣ ወንፈሉም ተራ ጠብቆ ለሁሉም ይደርሳል። የቡድን ድርሰት እነዚህ ሦስቱ ካሉት ይሰምራል፦ ብዙ እጅ፣ አንድ ባለቤት፣ የማይቀር ብድር። ባለቤት የሌለው ቡድን እንደ ቀድሞው የኪነት ድራማ ስም የለሽ ይሆናል። ብድር የማይመልስ ቡድን ደግሞ የወጣት ጸሐፊን ሐሳብ ወስዶ የታዋቂውን ስም ብቻ ይለጥፋል፤ ይህም ቅኔ ቤት ነውር ያለው ሌብነት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ለዚህ አካባቢ ሰው የሚቆረቁር ነው። በድራማዎቻችን ባላገር ሲናገር አንደበቱ ከየትም ያልሆነ ነው፤ ከጎጃም ትንሽ፣ ከወሎ ትንሽ፣ ከሸዋ ትንሽ ተቀላቅሎ «የገጠር አማርኛ» ይባላል። የፎገራ፣ የደራ፣ የጋይንት ሰው አነጋገር እንደሚለያይ የሚያውቅ ብዕር ጠረጴዛው ላይ ስለሌለ ነው። ብቸኛ ደራሲ የሚያውቀው አንድ አገር ነው፤ ይህም አይፈረድበትም። ቡድን ግን ሰበብ የለውም። ከወረታ፣ ከደብረ ታቦር፣ ከባሕር ዳር አንድ ወጣት ጸሐፊ አስገብቶ ማማከር ይችላል፤ ዩኒቨርሲቲዎች በየአካባቢው ተከፍተዋል፣ በእጅ ስልክ አጫጭር ድራማ እየሠሩ የሚያሠራጩ ወጣቶችም ሞልተዋል።

ስለዚህ የድራማ ባለሀብትም ጣቢያም ሊያሟሉት የሚገባ ሦስት ነገር አለ። የጻፈ ሁሉ ስሙ በስክሪኑ ላይ በጽሑፍ ይውጣ፣ የመጨረሻውን ቃል የሚሰጠው ማን እንደሆነ ከመጀመሪያው ይታወቅ፣ ክፍያውም ሥራው ከመጀመሩ በፊት በውል ይጻፍ። ብቻውን መጻፍ የሚችል ታላቅ ደራሲ ሲገኝ ጊዜ ይሰጠው፤ በየሳምንቱ አይነዳ። ቡድን ሲያስፈልግ ደግሞ እውነተኛ ቡድን ይሁን፤ ተቃውሞ የሚሰማበት፣ ስህተት የሚታረምበት፣ ከአዲስ አበባ ውጭ ያደገ ጆሮ የሚቀመጥበት። አባቶቻችን ቅኔን ለብቻ እየቆጠሩ ትርጓሜን በጉባኤ ሲሠሩ የትኛው ሥራ የትኛውን መንገድ እንደሚፈልግ ለይተው ያውቁ ነበር፤ ከድራማችንም የሚጠበቀው ያንን መለየት ነው።